ኧርል ግሬይ ሻይ፦ ስሙ ከየት መጣ?

የለንደኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሻይ ሁሉ የምወደው ኧርል ግሬይ ነው። ቆርቆሮውን ከፈት ሳደርገው ገና ውሃ ሳይነካው ያ የሎሚም የሽቶም የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ እሱ ነው የያዘኝ። ባለፈው እንግዶች መጥተው ቀዳሁላቸውና አንዷ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ የእጅ ሳሙና?» ብላ አሳቀችን። ሌላው እንግዳ ደግሞ ታሪኩን አውቃለሁ አለ። ኧርል ግሬይ የሚባል የእንግሊዝ መኳንንት ቻይና ሄዶ የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ወንዝ ሊወስደው ሲል አዳነው፣ አባትየውም ለውለታው የሻዩን አሠራር ሰጠው አለን። ደስ ይላል፣ ግን ተረት ተረት አለኝ። እውነቱን የሚያውቅ አለ? ሽታውስ ከምን ነው? በወተት የምትጠጡትም ካላችሁ ንገሩኝ።

ታሪክ ወዳድ፦

እንግዳሽ የነገረሽ የታወቀ ወሬ ነው፣ ግን ተረት ነው። ሰውየው እውነተኛ ነው። ቻርልስ ግሬይ ይባላል፣ «ኧርል» የመኳንንት ማዕረጉ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1830 እስከ 1834 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ቻይናን ግን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።

እኔን የሚገርመኝ ይህን ያህል የሠራ ሰው በሻይ ብቻ መታወሱ ነው። የ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግና በ1833 በአብዛኛው የብሪታንያ ግዛት ባርነትን ያስቀረው ሕግ የወጡት በእሱ መንግሥት ጊዜ ነው። በዚያው በ1833 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለብቻው ይዞት የነበረውን የቻይና ንግድ የሚያሳጣ ሕግም ጸደቀ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎች ነጋዴዎችም ከቻይና ሻይ እያመጡ መሸጥ ቻሉ። ሰውየው ከሻይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ከተባለ እኔ ይሄንን ነው የምቆጥርለት። ኒውካስል ከሄድሽ መሃል ከተማው ላይ ረጅም ዓምድ ጫፍ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ኒውካስል፦

በዚያ ዓምድ ሥር ነው የምንቀጣጠረው 😄 የቤተሰቡ ወሬ ደግሞ ሌላ ነው። ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሆዊክ ሆል የሚባል የግሬዮች ርስት አለ። እዚያ የሚነገረው፣ የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት አንድ ቻይናዊ ያንን ጣዕም እንዲሸፍን ብሎ በርጋሞት የሚባል ፍሬ ሽታ ያለበት ሻይ ቀመመላቸው፣ ከዚያ እመቤት ግሬይ ለንደን ላይ ለፖለቲካ እንግዶቿ ስታቀርበው ሁሉም ከየት አመጣሽው አላት። ትዋይኒንግስ የሚባለው የሻይ ድርጅትም መሸጥ ጀመረ ይላሉ። ቤተሰቡ ስሙን በሕግ ስላላስመዘገበ ግን ሰባራ ሳንቲም አላገኘበትም። ግቢው ለጎብኚ ክፍት ነው፣ ሻይ ቤቱም በኧርል ግሬይ ነው የሚጠራው። ሌላው ቢቀር ለአትክልቱ ሲባል ይሄዳል።

ታሪክ ወዳድ፦

የውሃው ነገር ከወንዙ ይሻላል፣ እሱም ግን አይዋጥልኝም። ሰውየው የሞተው በ1845 ነው። «የኧርል ግሬይ ቅልቅል» የሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ በደንብ የሚታየው ግን በ1880ዎቹ ነው፣ ለንደን ጀርሚን ስትሪት ላይ የነበረ ቻርልተን የሚባል ሻይ ነጋዴ ያሳተመው። ትዋይኒንግስና ጃክሰንስ ኦቭ ፒካዲሊ ደግሞ «የመጀመሪያው የኛ ነው» እየተባባሉ ስንት ዘመን ተሻምተውበታል።

በርጋሞት ያለበት ሻይ ራሱ መጀመሪያ ላይ ክብር አልነበረውም። በ1837 አንድ የሻይ ድርጅት ሻዩን የበርጋሞት ሽታ እየሰጠ ይሸጣል ተብሎ ተከሶ ነበር። ተራውን ቅጠል ውድ ለማስመሰል የሚደረግ ማጭበርበር ነበር የሚባለው። እንግዲህ እንደኔ ግምት ያ ስሙ የጠፋ ሻይ የሞተ ጌታ ስም ተለጥፎበት ነው ጨዋ የሆነው። ማስታወቂያ ምን የማያደርገው አለ!

ሬጆ፦

ስለ ሽታው እኔ ልንገርሽ፣ የምኖረው ደቡብ ጣሊያን ነው። በርጋሞት ፍሬ ነው፣ ብርቱካን የሚያክል፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆን። አብዛኛው የሚመረተው እዚሁ ሬጆ ካላብሪያ ባሕር ዳርቻ ነው። ልጠህ ልብላው ብትል ፊትህን ያጨማድድሃል፣ ኮምጣጣም መራራም ነው። የሚፈለገው ልጣጩ ነው። ልጣጩ ሲጨመቅ የሚወጣው ዘይት ጥቁር ሻይ ቅጠል ላይ ይነሰነሳል፣ በቃ ኧርል ግሬይ ማለት ይኸው ነው። ያው ዘይት ኮሎኝም ይሠራበታል። ሳሙና ያለችሽን ልጅ አትቀየሚያት 😂 አፍንጫዋ በደንብ ይሠራል።

ርካሹ ላይ የሚገባው ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የሠራው መዓዛ ነው። ፓኮው ላይ የበርጋሞት ዘይት የሚል ፈልጊ።

ፋርማሲ ነኝ፦

ለወዳጆቹ አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። አንድ የ44 ዓመት ኦስትሪያዊ በቀን እስከ 4 ሊትር ኧርል ግሬይ ይጠጣ ነበርና ጡንቻው እየተኮማተረ አስቸገረው። ወደ ተራ ጥቁር ሻይ ሲመለስ ለቀቀው። ሐኪሞቹ በርጋሞት ዘይት ውስጥ ባለ ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር ነው አሉ። 4 ሊትር ነው ያልኩት፣ እናንተ በስኒ የምትጠጡ አትደንግጡ።

ዝንጅብል፦

ወተቱን ማንም አልመለሰልሽም። ይሄዳል፣ ግን ጠብ አድርጊበት እንጂ እንደ ማኪያቶ አታድርጊው። የሞቀ ወተትና የቫኒላ ሽሮፕ ከጨመርሽበት ደግሞ ለንደን ፎግ ይባላል፣ ስሙ ለንደን ይሁን እንጂ የተጀመረው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ነው።

ብቻ እባክሽ እንደ ሀገር ቤት ሻይ ቅርንፉድና ቀረፋ አትጨምሪበት፣ በርጋሞቱን ድራሹን ነው የሚያጠፉት። አብሮ ማፍላትም የለም። ውሃው ፈልቶ ይውረድ፣ ቅጠሉን ጨምሪና ሦስት አራት ደቂቃ ከድነሽ ተዪው፣ ከዚያ ካለፈ ይመርራል። ቆርቆሮውንም ከቡናና ከበርበሬ አርቂው።

የለንደኗ፦

ተባረኩ፣ ቅርንፉዱን እጨምር ነበር 🙈 ሌዲ ግሬይ የሚባለውስ?

ዝንጅብል፦

እሱ የትዋይኒንግስ ነው፣ በ1990ዎቹ የመጣ። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ አለበት፣ ሽታው ለስለስ ይላል። ለዚያች እንግዳሽ እሱን ቅጂላት።