ትንሹ መስታወት ላይ ቆንጆ የወጣው የፔሮቭስካይት ፊልም ትልቁ ላይ ዝጉርጉር ሆነብኝ

ብልጭታ፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር እያበሳጨኝ ነው። አረንጓዴ የፔሮቭስካይት (ብርሃን የሚሰጥ የክሪስታል ቁስ ነው) ኤልኢዲ እየሠራሁ ነው። 2 በ2 ሴንቲሜትር መስታወት ላይ በስፒን ኮቲንግ (መስታወቱን እያሽከረከርኩ በመቀባት) ስሠራው ምንም ችግር የለም። እየተሽከረከረ እያለ ክሎሮቤንዚን (ማሟሚያውን ፈሳሽ የሚያባርር ሌላ ፈሳሽ) ጠብ አደርግበታለሁ፣ ወዲያው ቀለሙን ይይዛል፣ አልትራቫዮሌት መብራት ስር ሳየው ከዳር እስከ ዳር እኩል ያበራል። ያንኑ ነገር 10 በ10 ላይ ስሞክረው መሃሉ ጥሩ፣ ዳሩ ግን ጭጋግ የለበሰ መስኮት መሰለ። ስፒኑን ትቼ በብሌድ (ፈሳሹን በምላጭ መሰል ጠርዝ እየጎተትኩ) ስስበው ደግሞ ባሰበት። በማይክሮስኮፕ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ረዣዥም ክሪስታሎች ይታያሉ፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ። ቮልቴጅ ስሰጠው ገና ሳይበራ ከረንቱ ይፈሳል። ክሪስታሉ ተረጋግቶ እንዲያድግ ብዬ የሆት ፕሌቱን ሙቀት ቀነስኩ፣ ወይ ፍንክች። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቀስተ ደመና፦
እዚያችው «ተረጋግቶ እንዲያድግ» ያልካት ላይ። የሶላር ሴል ጽሑፍ ስታነብ ከርመህ መሰለኝ፣ እኔም እንደዛ ነበር የጀመርኩት። ለሶላር ሴል ትልልቅ ክሪስታል ይፈለጋል፣ ፊልሙም ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ይወፍራል። ለኤልኢዲ ፊልሙ 50 ናኖሜትር ቢሆን በቂ ነው፣ ክሪስታሉም ባነሰ ቁጥር ኤሌክትሮኑና ሆሉ (ኤሌክትሮን የጎደለበት ክፍተት) ጠባብ ቦታ ውስጥ ተገናኝተው ብርሃን የመስጠት ዕድላቸው ይጨምራል። በ2015 ሚቲልአሞኒየም ሊድ ብሮማይድ (አንዱ የፔሮቭስካይት ዓይነት) የኤልኢዲ ቅልጥፍናው 8.53 በመቶ የደረሰው እኮ የክሪስታሉን እድገት መሃል ላይ በመግታት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዘር ይፈጠራል፣ ከዚያ ዘሩ ያድጋል። ሶልቨንቱ (ማሟሚያው ፈሳሽ) እየተነነ ሶሉሽኑ (የተሟሟው ድብልቅ) ከልክ በላይ ሲጠግብ ዘር ይወጣል። ያን ነጥብ በፍጥነት ካለፍከው በየቦታው እልፍ ዘር ፈልቶ ሁሉም እየተሻማ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ቀስ ካልክ ግን ጥቂቶቹ ቀድመው ይወጡና በዙሪያቸው ያለውን ሁሉ ጠራርገው ይወስዳሉ። ያየሃቸው ቅርንጫፎች እነሱ ናቸው። ከረንቱም የሚሾልከው በተራቆተው ቦታ ነው፣ የላዩና የታቹ ንብርብር እዚያ ላይ ስለሚገናኙ።

ስፒኑ ላይ የገጠመህም ከዚህ አይለይም። ጠብታው መሃል አርፎ ዳር እስኪደርስ የዳሩ ሰዓት አልፏል። ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች፦ የሶላር ሴል ሶሉሽን ከ1 ሞላር (የሶሉሽን ጥንካሬ መለኪያ) በላይ ስለሆነ ትንሽ ሲተን ይጠግባል፣ የእኛ ግን ፊልሙ ቀጭን እንዲወጣ ቀጥኖ ስለሚዘጋጅ፣ በለው 0.2 ሞላር፣ ዘር እስኪያወጣ ድረስ ብዙ መድረቅ አለበት፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ፈሳሹ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዳሩ ይቀድማል፣ ጉዱ የሚመጣው ያኔ ነው።

ከብሌዱ ኋላ ጠባብና ረጅም አፍ ባለው ነገር ናይትሮጂን ንፋበት። ስትነፋ ጎንበስ ብለህ ከጎን ተመልከት። አንድ መስመር ይታይሃል፣ ከፊቱ ያለው እንደ ውሃ ጥርት ያለ፣ ከኋላው ያለው ቢጫ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ብሌዱን ከተከተለ ጨርሰሃል። ከተንጋደደ ንፋሱ እኩል አይደለም።

እማ ፎቶን፦
በንፋሱ እስማማለሁ፣ ግን ፔሮቭስካይቱ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ሶልቨንቱስ?

ብልጭታ፦
ፒቪኬ (ከሥር የሚቀባ ፖሊመር) ላይ። ሶልቨንቱ ዲኤምኤስኦ ብቻ ነው፣ ሲዝየም ብሮማይድ ስላለበት ዲኤምኤፍ የተባለው ሌላው ሶልቨንት ውስጥ አልሟሟ ብሎኝ።

እማ ፎቶን፦
በል እንግዲህ፣ ሁለት ጣጣ አለብህ። ዲኤምኤስኦ የሚፈላው 189 ዲግሪ ላይ ነው፣ ዲኤምኤፍ 153። በዚያ ላይ ዲኤምኤስኦ ሊዱን (እርሳሱን) ሙጭጭ አድርጎ ስለሚይዘው ንፋሱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ቫክዩም ቻምበር ካለህ ልክ ስበህ እንደጨረስክ እርጥቡን አስገባው፣ ሶልቨንቱ ከሁሉም ቦታ ባንዴ ይወጣል። ሁለተኛው ፒቪኬ ነው። ዲኤምኤስኦ አይረጋበትም፣ ይሰበሰባል፣ የጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ። አጭር የኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የነቃ ጋዝ) ስጠው፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ከበዛ ፒቪኬውን ራሱን ትበላዋለህ። ፒቪኬውን በፔዶት (ሌላ ፖሊመር) ቀይር የሚሉህ ይኖራሉ። በደንብ ይረጋበታል፣ እውነት ነው፣ ግን ብርሃኑን ይውጥብሃል።

ጠብታ፦
ለምን ትደክማላችሁ? ክሪስታሉን ብልቃጥ ውስጥ ጨርሳችሁ አውጡትና ናኖክሪስታሉን (ደቃቁን ክሪስታል) መስታወቱ ላይ ቀቡት። እድገት የለ፣ ሰዓት መጠበቅ የለ። በባር ኮቲንግ (በዘንግ እየጎተቱ በመቀባት) ሰፋፊ ኤልኢዲ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀስተ ደመና፦
ጠብታ፣ እውነትህን ነው፣ ግን ናኖክሪስታሉ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የለበሰው ሊጋንድ (የሞለኪውል ሽፋን) ከረንት አያሳልፍም። ብዙ ካጠብከው ይላላጣል፣ ካላጠብከው አያስተላልፍም። እኔ ሦስት ወር የፈጀሁት በማጠብ ነው።

ብልጭታ፦
ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እማ ፎቶን፣ ያልሽው ሠራ። ቻምበር ስላላገኘሁ ዲኤምኤስኦውን በናይትሮጂን ብቻ ሞከርኩት፣ ግን መጀመሪያ ፒቪኬውን 5 ሰከንድ ፕላዝማ ሰጠሁት፣ ሊድ ብሮማይዱንም ከሌላው ትንሽ አሳነስኩት። ቅርንጫፎቹ ጠፉ። ሳይበራ የሚፈሰው ከረንትም በጣም ወረደ። አሁን የቀረኝ ዙሪያውን አንድ ጣት የሚያህል የደበዘዘ ጠርዝ ነው።

እማ ፎቶን፦
ጠርዙን እኔም አላሸነፍኩትም። ኤሌክትሮድህን ከዳር አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስገብተህ ሥራህን ቀጥል።