ዞቴሮ ስታክ አድርጎብኛል፣ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው!!

የሐይቅ ዳሯ (ማታ 2:40)
ሰላም ለሁላችሁ፣ በጣም ቸኩያለሁ። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ መብራት እልም አለ፣ ላፕቶፔም አብሮ ጠፋ። አሁን ሳበራው ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሪፈረንሶቼን የማስቀምጥበት ፕሮግራም፣ ዞቴሮ፣ ብቻ እምቢ አለ። ነጭ መስኮት ያመጣና ዝም ይላል፣ ስነካው «ምላሽ አይሰጥም» የሚለው ይመጣል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጽሑፌ ታትሞ አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። ሪፈረንሶቼ በሙሉ እዛ ውስጥ ናቸው። ምን ላድርግ? ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የሚችል ሰው ካለም ይንገረኝ።

ባጃጅ 07
ሪስታርት አድርጊዋ።

አሳ ለብለብ
ቆይ፣ ላፕቶፕ ከመብራት ጋር እንዴት አብሮ ይጠፋል?

የሐይቅ ዳሯ
ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የሚሠራው። ሪስታርት 4 ጊዜ አድርጌያለሁ።

አሳ ለብለብ
እንግዲያው ላፕቶፕ ብለሽ አትጥሪው። ታጥፎ የሚቀመጥ ዴስክቶፕ ነው ያለሽ 😂

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ አይዞሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ስንማር እያንዳንዱ ማጣቀሻ በካርቶን ካርድ ላይ ይጻፍ ነበር። ደራሲ፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ገጽ። ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። መብራት ቢጠፋ ካርዱ አይጠፋም፣ ሻማ አብርተሽ ትቀጥያለሽ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ለአንድ ማሽን አስረክባችሁ፣ ማሽኑ ሲያስነጥስ እናንተ ትታመማላችሁ። ይህ ዞቴሮ የምትሉት በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ስሙም ከአልባኒያ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ጠንቅቆ መያዝ እንደማለት ነው። አሁን ግን የተያዝሽው አንቺ ነሽ። ለወደፊቱ ሥራሽን ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን።

የሐይቅ ዳሯ
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ለዛሬ ማታ ምን ይምከሩኛል?

መምህር በጡረታ
ለዛሬ ማታ ወጣቶቹ ይንገሩሽ።

ሰላሜ
አንኢንስቶል አድርገሽ እንደገና ጫኚው። እኔ እንደዛ አድርጌ ተስተካክሎልኛል።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
እህቴ፣ ምንም ከመንካትሽ በፊት እነዚህን መልሺልኝ። ዊንዶውስ ነው? ዞቴሮ ላይ አካውንት ከፍተሽ ሲንክ ታደርጊ ነበር (ኢንተርኔት ላይም ኮፒ እንዲቀመጥ)? የዞቴሮን ፎልደር ወደ ዋንድራይቭ ወይም ወደ ጉግል ድራይቭ አዛውረሽዋል?

የሐይቅ ዳሯ
ዊንዶውስ 10። አካውንት የለኝም፣ ይከፈልበታል ብለውኝ ነው የተውኩት። ፎልደሩን አልነካሁትም፣ የት እንዳለም አላውቅም።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
አለመንካትሽ ጥሩ ነው፣ በተለይ ድራይቭ ውስጥ አለመክተትሽ። ዳታቤዙ (ሪፈረንሶችሽ የተመዘገቡበት ፋይል) እየተሠራበት ሌላ ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ሲጭነው ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። ክፍያውን በተመለከተ ግን የተሳሳተ ነገር ነው የነገሩሽ። የሪፈረንስ ዝርዝሩን ሲንክ ማድረግ በነፃ ነው። የሚከፈለው ፒዲኤፎቹ ሲበዙ ነው፣ ለእነሱም እስከ 300 ሜጋባይት ነፃ ነው። እሱ ለነገ ይቆይ።

አሁን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ዞቴሮ የሚል ካለ፣ ሁለትም ሦስትም ቢሆን፣ ኤንድ ታስክ በይው። ወርድንም ዝጊ። ከዛ ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ የራስሽ ስም፣ ዞቴሮ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቢና የምታይውን ጻፊልኝ።

ሰላሜ
አንኢንስቶል አድርገሽ እንደገና መጫን ነው ያለው አማራጭ።

የሐይቅ ዳሯ
ሁለት ዞቴሮ ነበር፣ ሁለቱንም ዘጋሁ። ፎልደሩ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ዞቴሮ.ኤስኪውላይት የሚለው 46 ሜጋባይት ነው፣ ሰዓቱ 5:01 ይላል። ከሥሩ በራሱ ስም ላይ -ጆርናል የተጨመረበት ትንሽዬ ፋይል አለ፣ እሱም 5:01። ከዛ መጨረሻው .ባክ የሆነ፣ የትናንት ማታ ቀን ያለው። ሌላ .1.ባክ የሚልም አለ። ስቶሬጅ የሚባል ፎልደርም አለ።

ባጃጅ 07
ያቺ ጆርናል የምትለዋን አጥፊያት። ትርፍ ቆሻሻ ናት፣ እሷ ነች የምታስረው።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
ኧረ በማርያም አትንኪያት! ወንድሜ፣ አንተም የማታውቀውን አትምከር። ዳታቤዙ ላይ፣ ማለትም ዞቴሮ.ኤስኪውላይት ላይ፣ አንድ ነገር ከመቀየሩ በፊት የድሮው ገጽ ጆርናሉ ላይ ይገለበጣል። መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ሲከፈት ጆርናሉን አይቶ ወደነበረበት ይመለሳል። እሷን አጠፋሽ ማለት ግማሹ የተቀየረ፣ ግማሹ ያልተቀየረ ዳታቤዝ ይዘሽ ቀረሽ ማለት ነው። ሰዓታቸው አንድ መሆኑ ራሱ ይናገራል፣ መብራቱ የጠፋው ልክ እሱ እየጻፈ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ሌላ ነገር ሁሉ ከዛ በኋላ። ቼክ ዲስክ ምናምን የሚልሽ ካለም ከኮፒው በኋላ ነው።

አሳ ለብለብ
አሞራ ገደል ያለው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ እንኳ መጠባበቂያውን አንገቱ ላይ ቋጥሮ ነው የሚዞረው። የተማረ ሰው ባክአፕ የለውም 😂

የሐይቅ ዳሯ
እየገለበጥኩ ነው፣ 2.3 ጊጋ ነው። ፍላሹ አልበቃ ብሎ የወንድሜን ፊልሞች አጠፋሁበት፣ ጠዋት ይገድለኛል።

ዋንዛ
ይቅርታ፣ መሀል ልግባ። ሁላችሁም ዞቴሮን ለመክፈት ነው የምትሯሯጡት። ነገ 3 ሰዓት ላይ የሚፈለገው ዞቴሮ ነው ወይስ የታተመ ወረቀት? ወርዱን ስትከፍቺው በጽሑፉ መሀል ያሉት ጥቅሶችና መጨረሻ ላይ ያለው የማጣቀሻ ዝርዝር አሉ ወይስ የሉም?

የሐይቅ ዳሯ
ሪፈረንሶቼ ሁሉ ዞቴሮ ውስጥ ናቸው እያልኩ! ወርዱ ላይ ያሉት አሉ፣ ግን ዞቴሮ የሚለውን ታብ ስነካ ወርዱም ይቆማል።

ዋንዛ
ታቡን ማን ንኪ አለሽ? 🙂 ዞቴሮ በወርድ ውስጥ ጥቅስ ሲያስገባ ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ ርዕሱን ሁሉ ሰነዱ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ዞቴሮ ባይኖር እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ ሰነዱን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊ፣ ከኮፒው ላይ ፒዲኤፍ አውጪ፣ ፍላሽ ላይ አድርገሽ ተኚ። ጠዋት ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ወርዱን ሳይሆን ፒዲኤፉን ነው የምትሰጪያቸው፣ ካለዚያ ገጹ ሁሉ ይገለባበጥብሻል። ያላስገባሻቸው ጥቅሶች ካሉ ኮፒው ላይ በእጅሽ ጻፊያቸው። ዞቴሮን መጠገን ለቅዳሜ ይደር።

የሐይቅ ዳሯ
ያላስገባኋቸው 5 ናቸው። ምዕራፍ 4 ላይ ያሉ፣ ስለ ሐይቁ አሳ። ርዕሳቸውን እንኳ አላስታውስም፣ ዛሬ ከሰዓት ነው ያወረድኳቸው።

ሰላሜ
አንሊንክ የሚል አለ፣ እሱን ንኪው። ከዞቴሮ ይላቀቃል።

ዋንዛ
አንሊንክ ኮፒው ላይ እንኳ ዛሬ አያስፈልግም፣ ዋናው ላይ ደግሞ በፍጹም። አንዴ ከተላቀቀ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ አማካሪሽ «የአጻጻፍ ስልቱን ቀይሪ» ያለሽ ቀን 140 ጥቅስ በእጅሽ ስታስተካክይ ታድሪያለሽ።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
ዋንዛ ያለው ትክክል ነው፣ ፒዲኤፉን መጀመሪያ አውጪ። ለ5ቱ ደግሞ፣ ስቶሬጅ ውስጥ ስሞቻቸው 8 ፊደልና ቁጥር የሆኑ ፎልደሮች አሉ። በቀን ደርድሪያቸው፣ የዛሬዎቹ ከላይ ይመጣሉ። ፒዲኤፎችሽ እዛ ውስጥ ናቸው፣ ስማቸውን ከዛ ታገኛለሽ።

የሐይቅ ዳሯ
አገኘኋቸው!! አምስቱም አሉ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮፒውም አለቀ። አሁን ዞቴሮን አንዴ ልሞክር?

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
ሞክሪ። ነጭ ሆኖ ቢቆም ቶሎ አትዝጊው፣ 10 ደቂቃ ተዪው። ወደ ኋላ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል።

የሐይቅ ዳሯ (ማታ 4:25)
15 ደቂቃ ሆነው። ነጭ ነው።

ሰላሜ
አንኢንስቶል ብዬሽ ነበር።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
ሰላሜ፣ አንኢንስቶል የዳታ ፎልደሩን አይነካውም። ቤቱ እየፈሰሰ በር መቀየር ነው።

እሺ እህቴ፣ ታስክ ማናጀር ሄደሽ ዝጊው። አሁን .ባክ የሚለውን እንጠቀማለን። ዞቴሮ ራሱ በየጊዜው የሚያስቀምጠው ኮፒ ነው። ዴስክቶፕ ላይ «የተበላሸ» የሚል ፎልደር ፍጠሪ። ዞቴሮ.ኤስኪውላይትንና ጆርናሏን ሁለቱንም ቆርጠሽ እዛ ውስጥ ክተቻቸው። እናትና ልጅ አብረው ይውጡ! ጆርናሏ ብቻዋን ከቀረች አዲሱን ዳታቤዝ የራሷ መስሏት የድሮ ገጽ ትጽፍበታለች። ከዛ .ባኩን ኮፒ ፔስት አድርጊ፣ የኮፒውን ስም ዞቴሮ.ኤስኪውላይት በይው። ዋናው .ባክ እዛው ይቀመጥ። ስትከፍቺው እስከ ትናንት ማታ ያለው ይመጣል፣ የዛሬዎቹን 5 ፒዲኤፎች ጎትተሽ ታስገቢያለሽ። ኢንተርኔት ካለ መረጃቸውን ራሱ ይፈልገዋል። ወርድ ውስጥ ያሉት ጥቅሶችም ከዚህ ዳታቤዝ ጋር ይገናኛሉ። ሁሉንም እንደ አዲስ በእጅሽ ብትመዘግቢያቸው ግን አይገናኙም፣ ለዛ ነው የምለፋው።

የሐይቅ ዳሯ (ማታ 4:41)
እናትና ልጅ ወጥተዋል 😅 .ባኩን ኮፒ እያደረግኩ

የሐይቅ ዳሯ (ማታ 4:43)
መብራት ሄደ። ስልኬ 6 ፐርሰንት ነው

አሳ ለብለብ
አልሳቅኩም። በእውነት አልሳቅኩም።

ባጃጅ 07
እኛም ሰፈር ሄዷል፣ አላሙራ በኩል።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
አይዞሽ፣ ኮፒው ፍላሹ ላይ ስላለ ምንም አይጠፋም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሱቅ እከፍታለሁ። ከመናኸሪያ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ቻርጀርሽን እንዳትረሺ። ፒዲኤፉን አውጥተሽዋል አይደል?

ዋንዛ
አውጥተሽዋል?

መምህር በጡረታ (በማግስቱ፣ ቀን 7:10)
ልጄ፣ እንዴት ሆነ? አሳውቂን እንጂ።

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
እኔ ጋ አልመጣችም።

አሳ ለብለብ
ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ቆሜ አንዲት ልጅ ላፕቶፕ ታቅፋ፣ የቻርጀሩን ገመድ መሬት ለመሬት እየጎተተች ወረፋ ስትጋፋ አይቻለሁ። ልጠይቃት አፍሬ ተውኩት።

ከአዳማ (ከ12 ቀን በኋላ)
ሰላም፣ ይሄን አሁን ነው ያገኘሁት። የኔም ልክ እንደዚህ ሆኗል፣ ነጭ መስኮት። ከላይ አንድ ሰው ያለውን አይቼ ጆርናሏን አጥፍቻታለሁ፣ የቀረውን ሳላነብ። ሪሳይክል ቢንም ባዶ አድርጌያለሁ። አሁንስ?

ጥገና ከመናኸሪያ ጀርባ
ወንድሜ፣ ዞቴሮን ዝጋው፣ ድጋሚ አትክፈተው። ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጥና ንገረኝ፦ .ባኩ የመቼ ቀን ነው ያለው?