ወላጅ ክፍል ይግባ ወይስ ከበር ይመለስ? የኬጂ 1 ክርክር፣ ጎንደር

አወያይ፦ መስከረም ደረሰ። ከተማችን ውስጥ አንዳንዱ ኬጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወላጅን ክፍል ያስገባል፤ ሌላው ልጁን ከግቢው በር ላይ ተቀብሎ ይዘጋል። የቱ ይሻላል? «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» መልስ አይሆንም።

መምህርት ከማራኪ፦ ከበር ይመለስ። 35 ልጅ ባለበት ክፍል 35 እናት ስትገባ መቆሚያም አይገኝ። አንዷ ሥራ ረፈደብኝ ብላ ስትነሳ ልጇ ያለቅሳል፤ ያን ያየ ሁሉ የእናቱን ቀሚስ ጨምድዶ ይይዛል። ለቅሶ እንደ ጉንፋን ይጋባል። ብዙው ልጅ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር በደቂቃዎች ውስጥ ዝም ይላል፤ ለቅሶውን የሚያስረዝመው በመስኮት ብቅ ጥልቅ ማለቷ ነው።

የሕፃናት ነርስ፦ በመስኮቱ እስማማለሁ፣ በበሩ ግን የለሁበትም። ጀርመኖች የበርሊን ዘዴ የሚሉት አለ። 3 ቀን ወላጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አያጫውትም፣ «ሂድ ተጫወት» ብሎም አይገፋም። በ4ኛው ቀን ተሰናብቶ ይወጣል፣ ግን ቢበዛ ለ30 ደቂቃ፣ ያውም ከግቢው ሳይርቅ። መምህሯ ቶሎ ማባበል ካቃታት ይጠራል። 4ኛው ቀን ሰኞ ከሆነ መለያየት አይሞከርም፤ ልጁ ቅዳሜና እሑድን እናቱ ጉያ ውሎ ነው የሚመጣው።

መምህርት ከማራኪ፦ እሱ በአብዛኛው ከ3 ዓመት በታች ላሉት፣ ጥቂት ልጅ ላለበት ክፍል የተሠራ ነው እኮ፣ እህቴ።

አባት ከአዘዞ፦ እንግዲያው ቁጥሩን እንቀንሰው። 35ቱን 12፣ 12 እና 11 አድርጎ መክፈል። ለየቡድኑ 2 ቀን፣ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው፣ ስልክ ተዘግቶ። በ6 የትምህርት ቀን ያልቃል። የመስቀል በዓል ግን ይታሰብበት፤ ከእረፍቱ የተመለሰ ልጅ እንደ አዲስ ስለሚያለቅስ የመጀመሪያውን ቀን በግማሽ ቀን መልቀቅ ነው።

ከፒያሳ፦ በሩን ይዛችሁ ስንብቱን ረሳችሁት። «ከረሜላ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ሹልክ ማለት ነው ነገር የሚያበላሸው። የተታለለ ልጅ እቤትም እናቱ ሽንት ቤት ስትገባ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «ካለቀስክ ቲቸር ትወጋሃለች» ማለትማ ልጁ ሊጠጋት የሚገባውን ሰው ጅብ ማድረግ ነው። ስሞ፣ «ምሳህን በልተህ፣ መዝሙር ዘምራችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ» ብሎ፣ ወደ ኋላ ሳይሉ መሄድ። «6 ሰዓት ላይ» ቢሉት ሰዓት አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሎቹ ወላጆች 10 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ፤ ግቢው ጭር ሲል ብቻውን የቀረ ልጅ በማግስቱ ጫማ አላደርግም ይላል። ከእናቱ አሮጌ ነጠላ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ፣ ሳይታጠብ፣ ኪሱ ውስጥ ቢያዝ ጠረኗ ያረጋጋዋል።

መምህርት ከማራኪ፦ ኪስ ውስጥ ከሆነ ይሁን፤ አንገት ላይ እንዳታስሩት፣ ያንቃል።

የሕፃናት ነርስ፦ «እናቴን» ብሎ የሚያለቅሰው ሁሉ የእናት ናፍቆት አይደለም፤ ሽንት የያዘውም አለ። ፖፖ የለመደ ልጅ የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ያስፈራዋል። ከወላጁ ጋር ክፍል በሚቆይበት ቀን እዚያው አብረው ገብተው ይሞክሩት። ሱሪው ወገቡ ላስቲክ ይሁን፤ ቀበቶና ዚፕ ሲታገል ያመልጠዋል። ምሳ ዕቃውን ራሱ ከፍቶ መዝጋት ይልመድ። ቆሎ አትቋጥሩለት፤ በዚህ ዕድሜ ትን ይላል።

መምህርት ከማራኪ፦ እሺ፣ ሦስቱን ቡድን ተቀብያለሁ። በ3ኛው ቀን ግን ስንብቱ በር ላይ ነው፣ ድርድር የለም።

ከፒያሳ፦ ቅዳሜ ገበያ በሚባለው የከተማችን ገበያ ጉልት የምትውል እናትስ 2 ጠዋት ከየት ታመጣለች?

አባት ከአዘዞ፦ አያት ወይም አክስት ትግባ። ብቻ ሁለቱንም ቀን ያችው ሰው ትሁን፣ በ3ኛው ቀንም እሷው ታድርሰው።