የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ሳልቫዶራውያን ናቸው፤ ስፓኒሽ ከየት ልጀምር?

አዲስ ገቢ (አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሌክሳንድርያ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። በፈረቃችን አሥራ አንድ ሴቶች አለን። ከእኔና ከአንዲት ጋናዊት በቀር ሁሉም ከኤልሳልቫዶር ናቸው። ደጎች ናቸው። አልጋ ቶሎ እንዴት እንደሚነጠፍ በእጃቸው እያሳዩ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እነሱ ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔ ስልኬን አያለሁ።

መማሪያ አፕ ጭኜ ሁለት ወር ሞክሬያለሁ። "ልጁ ፖም ይበላል፣ ሴትዮዋ ወተት ትጠጣለች" ይላል። ሥራ ቦታ ማንም ስለ ፖም አያወራም። በዚያ ላይ የሚያስረዳኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ራሱ ገና ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዷ እናቷ አገር ቤት አረፉባትና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁሉም ከበው አንድ ነገር ይሏታል። እኔ እጇን ያዝኩ እንጂ አንድ ቃል አልወጣኝም። እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት እንኳን አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባካችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

የወጥ ቤት ሰው (አርሊንግተን)

እህቴ፣ እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስፓኒሽን የተማርኩት ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተዪው። ከአማርኛ በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ ሂጂ። ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ ያጥራል።

ጠዋት ስትገቢ "ኦላ" ብቻ ብለሽ አትለፊ። "ቡዌኖስ ዲያስ፣ ኮሞ አማኔሲዮ?" በያቸው። "አማኔሰር" መንጋት ነው። "እንዴት ነጋልዎት?" እንደ ማለት ነው፤ የኛው እንደምን አደሩ ቁጭ። መልሱም የኛው ነው፦ "ቢየን፣ ግራሲያስ ኣ ዲዮስ። ኢ ኡስቴድ?" ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ? መጀመሪያ ይህን የሰማሁት ከአንዲት ሳህን አጣቢ እናት ነው። ያን ቀን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። "ነገ እንገናኛለን" ስትያቸው ደግሞ "ፕሪሜሮ ዲዮስ" ይሉሻል። መጀመሪያ እግዚአብሔር ማለት ነው፤ እኛ "እሱ ካለ" እንደምንለው።

"ኡስቴድ" አንቱታ ነው። አፕሽ የሚያስተምርሽ "ቱ"፣ አንተ ወይም አንቺ ማለት፣ ከሳልቫዶሮች አፍ ብዙም አይሰማም፤ ለቅርብ ሰው "ቦስ" ነው የሚሉት። አንቺ በ"ኡስቴድ" ጀምሪ። አንቱ በመባሉ የሚቀየም የለም። ትልልቆቹን ሴቶች ከስማቸው በፊት "ኒኛ" ብለሽ ጥሪያቸው። ቃሉ ትንሽ ልጅ ማለት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን እንደኛ "እትዬ" ሆኖ ያገለግላል። ወንዱን "ዶን" በዪ፤ ከአባቱ ስም ጋር ሳይሆን ከራሱ ስም ጋር፣ ልክ እንደ አቶ።

ምሳ ላይ ስትደርሺ ሳትቀመጪ "ፕሮቤቾ" በዪ። ማዕዱ ይስማማችሁ ነው ነገሩ። ተነሥተሽ ስትሄጂም በዪው። ምግቡን እያሳዩ "ጉስታ?" ካሉሽ "እንብላ" እያሉሽ ነው። ፑፑሳ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣቸውን ካመጡ ቁራሽ ተቀበዪ። በእጅ ነው የሚበላው፣ ሹካ አትፈልጊ። ከዚያ በኋላ ስልክሽን የምታዪበት ጊዜ አይኖርሽም።

ሰዋስው ላይ ጊዜ አታጥፊ፤ አንድ ነገር ብቻ ያዢ። "ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ" ራሴን ያመኛል ነው። "ሜ ጉስታ ኤል ካፌ" ቡና ደስ ይለኛል ነው። "ሜ" የኛዋ "ኝ" ናት። በእንግሊዝኛ የመጣ ሰው "እኔ እወዳለሁ" ብሎ ስለሚነሣ እዚህ ላይ ወራት ይታገላል። አንቺ "ኝ" አለሽ። ራበኝና በረደኝ ላይ ግን ይለያል፤ እነሱ "አለኝ" ነው የሚሉት፦ "ቴንጎ አምብሬ"፣ "ቴንጎ ፍሪዮ"። ሲሞቅሽ "ቴንጎ ካሎር" በዪ። "ኤስቶይ ካሊየንቴ" እንዳትዪ፤ ትርጉሙ ወደ ፍትወት ይሄዳል። "ካሊየንቴ" ለድስት ነው።

አማርኛው ያሳሳተኝም አለ። ዋናው አብሳይ ከማቀዝቀዣው ክፍል ሲጠራኝ መጣሁ ለማለት "ቤንጎ!" እል ነበር። ያቺው ሳህን አጣቢዋ እናት አንድ ቀን ጎኗ አስቁማ አስረዳችኝ። ወደሚጠራሽ ሰው ስትሄጂ "ያ ቦይ!" ነው። ሄድኩ እንደ ማለት። ሲጠሩን እኛ መጣሁ የምንልበት ቦታ ላይ እነሱ ይሄዳሉ።

አነባበቡ አያስፈራሽ። ብዙ ሰው የሚቸገርበት "ኝ" ለኛ የቤታችን ፊደል ነው። ነገ "ማኛና" ነው፤ ማኛ ጤፍ ካልሽ ቃሉን ብለሽዋል። "አኞ" ዓመት ነው። በ"ኖ" ካልሽው ግን በአደባባይ የማይጠራ የሰውነት ክፍል ይሆናል፣ ተጠንቀቂ።

እናቷ ላረፉባት ልጅ "ሚ ሴንቲዶ ፔሳሜ" በያት። ሳምንት አለፈ ብለሽ አትተዪው። እኛስ ዘግይተን ለቅሶ እንደርስ የለ? በዚህ ጀምሪ፤ ሌላው ይደርሳል።

የኢስላው ልጅ

ልጄ፣ የወጥ ቤቱ ወንድማችን ጥሩ አድርጎ ነግሮሻል። እኔ ስፓኒሽ የለመድኩት ኩባ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ወደምትባለው ደሴት ከተላክነው ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሹን ቀን ትምህርት፣ ግማሹን ቀን "ቶሮንሃ" የሚባል ትልቅ ብርቱካን መሰል ፍሬ እርሻ ላይ ሥራ ነበር። አስተማሪዎቹ አማርኛ አይችሉም፣ እኛ ስፓኒሽ አንችልም። ያዳነችን አንዲት ጥያቄ ናት፦ "ኮሞ ሴ ዲሴ?" ምን ይባላል? ያየነውን ሁሉ በጣት እያሳየን እንጠይቅ ነበር። ማታ መኝታ ላይ ሆነን እርስ በርስ እንጠያየቃለን።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። አንሶላውን አንሺና ጠይቂ፤ "ሳባና" ይሉሻል። ትራስ "አልሞዓዳ"፣ ፎጣ "ቶአያ"። ሲፈጥኑብሽ "ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር"፣ ቀስ ይበሉ እባክዎ። የማይገባሽን ገባኝ አትበዪ፤ "ኖ ኤንቲየንዶ" ማለት አያሳፍርም።

ቃል ከአገር አገር እንደሚለያይም እወቂ። ኩባ ውስጥ "ጓጓ" አውቶቡስ ነው፤ ቺሊ ውስጥ ሕፃን ነው። "ኮኸር" ኩባ ውስጥ መያዝ፣ መውሰድ ነው፤ ሳልቫዶሮች ፊት ግን ነውር ቃል ነው። "አጋራር" በዪ። ያደግኩበት ቃል ስለሆነ እኔን ዛሬም ያመልጠኛል።

ከማድሪድ

እህት፣ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ስፔን ሁሉም ሰው "ቱ" ነው፤ ሱቅ ውስጥም፣ ሥራ ላይም። "ኮሞ አማኔሲዮ" እዚህ ብዙ አይሰማም፣ "ኬ ታል" ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የምትሰሚው "ባሌ" የሚል ቃል ነው፣ እሺ ማለት። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የስፔን ሰው ትምህርት ካገኘሽ ግራ እንዳትጋቢ። የአጠገብሽን ሰዎች ስፓኒሽ ተማሪ።

አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የርስዎን ጽሑፍ ለባለቤቴም አነበብኩለት።

ዛሬ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ጋ ትልቋን ሴትዮ "ኒኛ" ብዬ ከነስማቸው ጠራሁና "ኮሞ አማኔሲዮ?" አልኳቸው። ፎጣውን አስቀምጠው አዩኝ። ከዚያ አቀፉኝ። "ግራሲያስ ኣ ዲዮስ" ሲሉ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ያወሩትን አንዱንም አልያዝኩም፣ ረጅም ነበር። ልጅቷን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዋን አገኘኋት። "ሚ ሴንቲዶ ፔሳሜ" አልኳት። ስልኳን አውጥታ የእናቷን ፎቶ አሳየችኝ። ጓሮ ቆመው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ዶሮ ይዘው። "ሙይ ቦኒታ"፣ በጣም ቆንጆ፣ አልኩ፤ አፑ ያስተማረኝ እሱ ነበር የጠቀመኝ። አብረን በላን።

አንድ ያልገባኝ አለ። ስንለያይ "ባያ ፑዌስ" አለችኝ፣ ሌሎቹም ሲሉት እሰማለሁ። ምንድን ነው?

የወጥ ቤት ሰው (አርሊንግተን)

"እሺ በይ እንግዲህ" ነው። ነገ አንቺም ቀድመሽ በያት።