ብየዳ ተምሬ ቀለም ቀቢ ሆኜ ቀረሁ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ብየዳ ተምሬ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና አልፌያለሁ። በርና መስኮት የሚሠራ፣ አንዳንዴም የጣና ጀልባዎችን የሚጠግን ብረታ ብረት ቤት ከገባሁ 8 ወር ሆነኝ። ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የያዝኩት ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ ዝገት መፈግፈግ፣ ቀለም መቀባት፣ ለወንዶቹ ሻይ ማምጣት ነው። «ዓይንሽ ይጠፋል፣ ማን ያገባሻል?» ይሉኛል። ከእኔ በኋላ የተቀጠረው ልጅ ብቻውን ይበይዳል፤ ደሞዙም ይበልጠኛል። ትናንት እሱ የበየደውን ማጠፊያ ስቀባ ብየዳው ክፍተት ነበረው። ዝም አልኩ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 ሴት ሠራተኛ በጾታዋ ምክንያት መድልዎ እንዳይደረግባት ይደነግጋል። እኔ ግን የተቀጠርኩት በቃል ነው፤ የጽሑፍ ውል የለኝም። ባመለክት ያዋጣኛል? ብየዳ የምትሠሩ እህቶች፣ እናንተ መጀመሪያ ሥራውን እንዴት አስፈቀዳችሁ? እባካችሁ ንገሩኝ።