የቦክስተር የጎማ መቆለፊያ ብሎን ቁልፉ ጠፍቷል፣ ምን ይሻለኛል?

ባለቦክስተር (ቨርጂኒያ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ2001 ፖርሼ ቦክስተር በቅርቡ ከግለሰብ ገዛሁ። የኋላ ፍሬን ሸራ ልቀይር ብዬ ሳይ በየጎማው ካሉት አምስት ብሎኖች አንዱ የሌባ መከላከያ ነው። 19 ቁጥር ቡሶላ አይዘውም፣ የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል። የመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ክሪኩም መፍቻውም አለ፣ እሱ ብቻ የለም። አንድ ጋራዥ «በትራፓኖ በስተን እናወጣዋለን» አለኝ። እሺ ልበላቸው?

የገርጂ ልጅ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! መጀመሪያ በደንብ ፈልግ። የፊት ኮፈኑን ክፈትና ስኮርታውን አንስተህ ከሥሩ እይ። የዳሽቦርድ ኪሱን፣ የበር ኪሶቹን፣ የመኪናውን መጽሐፍ መያዣም ፈትሽ። ከዚያ የሸጠልህን ሰው ደውልለትና ጎማ መጨረሻ የት እንዳስቀየረ ጠይቀው። ጎሚስታዎች ፈትተው ሲያበቁ ቁልፉን መፍቻቸው ላይ ሰክተው ይረሱታል።

ጋሽ መካኒክ (ሜሪላንድ)፦ ትራፓኖውን እኔም አልመክርህም። የመቆለፊያ ብሎን ብረቱ ጠንካራ ነው፣ መብሻው ይንሸራተትና ቸርኬውን ይበላዋል። ደግሞ ቦክስተር ላይ እንደ ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ከመሃሉ (ቸርኬው ከሚታሰርበት ብረት) የወጣ ጥርስ ላይ ዳዶ አይታሰርም፤ ብሎኑ ራሱ ገብቶ መሃሉ ላይ ይጠብቃል። የመሃሉን ጥርስ ካበላሸህ ወጪው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ብሎኑ የፋብሪካው ይሁን ከገበያ የተገዛ ለይ። ፊቱን በባትሪ እያበራህ ከፊት ለፊት ፎቶ አንሳው። የፋብሪካው ከሆነ ፎቶውን ሳይሆን መኪናውን ይዘህ አከፋፋዩ ጋ ሂድ። የተለያዩ ቁልፎች የያዘ ሳጥን አላቸው፣ አንድ በአንድ እያስገቡ ይሞክሩልሃል። የገጠመውን በቁጥሩ ታዛለህ። ከገበያ የተገዛ፣ እንደ ማክጋርድ ያለ ብራንድ ከሆነ ደግሞ ሲገዛ ኮድ ያለበት ካርድ አብሮት ይመጣል። በኮዱ ሌላ ቁልፍ ይታዘዛል።

ስኮርታ፦ እኔ ብሆን ቁልፉ ሲገኝ አራቱንም አውጥቼ በተራ ብሎን እቀይራቸው ነበር። የ2001 ቸርኬ ማን ይሰርቃል? ሌሊት መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ ቁልፉ ቤት ቢቀር ነው የሚያናድደው።

የገርጂ ልጅ፦ ስኮርታ፣ የፖርሼ ቸርኬ እኮ አርጅቶም ይሸጣል 😄

ጋሽ መካኒክ፦ የምትቀይር ከሆነ ልኩ 14 በ1.5 ነው። የሚቀመጥበት ጭንቅላቱ ሥር እንደ ኳስ ክብ መሆን አለበት። ብዙ ሱቅ የሚሸጠው ሾጣጣውን ነው፣ እሱ እዚህ ቸርኬ ላይ በትክክል አይቀመጥም። ማጥበቂያው 130 ኒውተን ሜትር ነው፣ በፓውንድ ፉት 96 አካባቢ። በቶርክ መፍቻ ለካው። የመቆለፊያውን ቁልፍ በአየር መፍቻ አትንካው፣ ጥርሱ የሚሰበረው በዚያ ነው።

ባለቦክስተር፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አከፋፋዩ ጋ ሄጄ ገጠመ፣ ቁልፉም ታዞ መጣ። ሦስቱ በእጅ ተፈቱ። የኋላ ቀኙ ግን ከዚህ በፊት የታገለው ሰው አለ መሰለኝ፣ ጥርሱ ተበልቶ ቁልፉ ያሾራል።

ጋሽ መካኒክ፦ ለእሱ ውስጡ በግራ የተጠመዘዘ ማውጫ ቡሶላ አለ። በመዶሻ ትመታውና ስታዞረው እየነከሰ ይሄዳል። የቦክስተር ብሎን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ግድግዳው ቀጭን የሆነውን ፈልግ፣ ወፍራሙ ቸርኬውን ይፍቀዋል። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ሥራ። ሌሎቹን አራቱን አትፍታ፤ እንዲያውም በልካቸው አጥብቃቸው፣ የተቆለፈው ጭነቱ ይቀልለታል። ማውጫው ከያዘ በኋላ በረጅም መፍቻ ቀስ ብለህ ግፋው። እምቢ ካለ የብየዳ ሰው አትጥራ፣ ሙቀቱ ለጎማውም ለቸርኬውም አይሆንም። አራቱን እንዳጠበቅክ ይህን ሥራ የለመደ ጎሚስታ ጋ ንዳው።