ማርክዳውን ፋይል ውስጥ ያለ ኮድን ከተርሚናል ሳይወጡ ማስኬድ፦ ምን ትጠቀማላችሁ?

ማታ_ፈረቃ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሥራ ቦታ አዲስ ሰርቨር ስናዘጋጅ የምንከተለው ረጅም የማርክዳውን (በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ የሰነድ ዓይነት) ፋይል አለን። ማብራሪያ፣ ከስሩ የባሽ (የተርሚናል ትእዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ብሎክ፣ ደግሞ ማብራሪያ፣ ደግሞ ብሎክ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሠራራችን ኮፒ ፔስት ነው። አንዱ ብሎክ ይዘለላል፣ አንዱ ሁለቴ ይገባል። ፋይሉን ወደ ዎርድ ገልብጦ ከዚያ ላይ ኮፒ የሚያደርግም አለ፤ ያኔ ቀጥ ያለው ጥቅስ ምልክት ተጣሞ፣ ሁለቱ ሰረዝ አንድ ረጅም ሰረዝ ሆኖ ይመጣና ባሽ ግራ ይገባዋል።

የምፈልገው ቀላል ነው። ፋይሉን እዚያው ተርሚናል ላይ ከፍቼ፣ ብሎኩን አንብቤ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኜ አስኪጄ፣ ውጤቱን አይቼ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ጁፒተርን (ብሮውዘር ላይ ኮድ ብሎክ በብሎክ የሚያስኬደውን) አውቀዋለሁ፤ ብሮውዘር ግን አልፈልግም። ሰርቨሩ ላይ የምገባው በኤስኤስኤች (ከርቀት ተርሚናል መክፈቻ) ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ በስልክ ሆትስፖት፣ መሃል ላይ ጥሎኝ ይጠፋል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቡናና_ባሽ፦

ስክሪፕት አድርገህ ጻፈውና ተገላገል። ምን ያካብዳል?

ማታ_ፈረቃ፦

ስክሪፕት አንዴ ካስነሳኸው ይነጉዳል። እኔ የዲስኩን ስም በዓይኔ አይቼ፣ "አዎ ይሄ ነው" ብዬ ነው ፎርማት ወደሚያደርገው ብሎክ የማልፈው። ማብራሪያው መሃል መሃል ላይ የገባውም ለዚሁ ነው።

ቡናና_ባሽ፦

ዲስክ ካለበትማ ልክ ነህ። ተውኩት።

ጥቁር_ስክሪን፦

ወንድሜ፣ መሣሪያው ሞልቷል። ከመምረጥህ በፊት ግን አንድ ነገር እወቅ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ብሎክ ማስኬድ ቀላል ነው፤ ከባዱ በብሎክና በብሎክ መካከል ያለው ነገር ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ብሎክ አዲስ ሼል (ባሽን የመሰለ ትእዛዝ አስኪያጅ) ይከፍታሉ። ብሎኩ ሲያልቅ ሼሉም ይሞታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብሎክ ላይ በሲዲ ፎልደር ቀይረህ፣ ቫርያብል (ዋጋ የያዘ ስም) በኤክስፖርት አውጥተህ፣ ሁለተኛው ብሎክ ጋ ስትደርስ ሁለቱም የሉም። ፋይሉን የጻፈው ሰው ደግሞ አንባቢው ሁሉንም አንድ ተርሚናል ላይ ነው የሚጽፈው ብሎ አስቦ ነው የጻፈው።

ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ ስታወርድ መጀመሪያ ይህን ፈትን። ሁለት ብሎክ ብቻ ያለው ፋይል አዘጋጅ። አንደኛው ፎልደር ይቀይር፣ አንድ ቫርያብልም በኤክስፖርት ያውጣ። ሁለተኛው የት ፎልደር እንዳለና የቫርያብሉን ዋጋ ያትም። ውጤቱን ስታየው መሣሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ወዲያው ይገባሃል።

አሁን ወደ ምርጫው። ረንሚ የሚባል አለ፤ ማርክዳውን ፋይልህን እንዳለ ያነባል፣ ብሎኮቹን ይዘረዝርልሃል፣ ለብሎኩ ስም ከሰጠኸው በስሙ ጠርተህ ታስኬደዋለህ። ስሙ የሚጻፈው ብሎኩን የሚከፍቱት ሦስት የኋልዮሽ ጥቅሶች (```) ያሉበት መስመር ላይ፣ ከቋንቋው ስም ቀጥሎ ስለሆነ ጊትሃብ ላይ ፋይሉን ለሚያነብ ሰው አይታይም። ለቡድን ሥራ ይሄ ጥሩ ነው፣ ማንም አዲስ ኤዲተር መልመድ የለበትም።

ኢማክስ (የጽሑፍ ኤዲተር ነው) የምትችል ከሆነ ግን በውስጡ ያለውን የሰነድ መሣሪያ፣ ኦርግ ሞድን፣ የሚያህል የለም፣ በዚህ አልደራደርም። ኦርግ ሞድ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኮድ የሚያስኬደው ክፍሉ ባቤል ይባላል። ብሎኩ ላይ ቆመህ ኮንትሮል ሲ ሁለቴ ስትጫን "ላስኪደው ወይ?" ብሎ ይጠይቅሃል፣ ውጤቱንም እዚያው ከብሎኩ ስር ይጽፍልሃል። እሱም ቢሆን ሳትነግረው በየብሎኩ አዲስ ሼል ነው የሚከፍተው፤ "ሴሽን" የሚለውን ብሎኩ አናት ላይ ስትጨምር ግን ሁሉም ወደ አንድ የማይዘጋ ሼል ይገባሉ። ሼልንም መጀመሪያ ሴቲንግ ላይ መፍቀድ አለብህ፣ ሲጫን ክፍት የሆነው ኢማክስ ሊስፕ (የኢማክስ የራሱ ቋንቋ) ብቻ ነው። ኢማክስ ያለ መስኮት፣ ተርሚናል ውስጥ ስለሚከፈት የአንተ ኤስኤስኤች ችግር አይሆንም። ችግሩ ፋይልህ ማርክዳውን መሆኑ ነው፤ ወደ ኦርግ ትቀይረዋለህ፣ ከዚያ የሥራ ባልደረቦችህን ታሳምናለህ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ቀይ_ኤረር፦

ጥቁር_ስክሪን ስለ ሼሉ ያለው ልክ ነው። ግን ማታ_ፈረቃ፣ ያንተ ዋናው ችግር መስመር መቆራረጡ ይመስለኛል፣ እሱን ደግሞ ረንሚም ኢማክስም ብቻቸውን አይፈቱልህም። ዲስክ ፎርማት እያደረገ ኤስኤስኤች ቢቋረጥብህስ?

እኔ ቲመክስ (ተርሚናልን ከፋፍሎ፣ መስመር ቢቋረጥም ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም) እና ቪም (ኤዲተር) ነው የምጠቀመው። ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ ከፍተህ ስክሪኑን ለሁለት ትከፍለዋለህ። ላይኛው ላይ ፋይልህ በቪም ተከፍቷል፣ ታችኛው ላይ ተራ ባሽ አለ። ቪም ስላይም የሚባለው ፕለጊን ኮንትሮል ሲ ሁለቴ ስትጫን ከርሰሩ ያለበትን አንቀጽ ወደ ታችኛው ይልክልሃል። ማየት ያለብህ አንድ ነገር አለ፦ አንቀጽ ማለት ለቪም ባዶ መስመር እስኪመጣ ድረስ ያለው ነው፣ ሦስቱን የኋልዮሽ ጥቅሶችም አብሮ ይልካቸዋል። ስለዚህ የምትልከውን መስመር በቪ ቁልፍ መርጠህ ላክ። የታችኛው ባሽ አንድ ስለሆነ ሲዲውም ኤክስፖርቱም አይጠፋም። ሆትስፖቱ ሲሄድ ሰርቨሩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል፤ ተመልሰህ ስትገባ ቲመክስን አታች (እንደገና አያይዝ) ብለህ የቆምክበት ታገኘዋለህ። ማርክዳውኑንም አትነካውም።

ፕለጊን መጫን ካልተፈቀደልህ ቪም ውስጥ መስመሮቹን መርጠህ ኮሎን፣ ደብሊዩ፣ ክፍት ቦታ፣ ቃለ አጋኖ፣ ባሽ ብለህ ኢንተር ብትል ያስኬድልሃል። እሱ ግን አዲስ ሼል የሚከፍተው ዓይነት ነው።

አደጋው፦ ብዙ መስመር በአንዴ ስትልክ አንዱ ኮማንድ መሃል ላይ ጥያቄ ከጠየቀ፣ ቀጣዩን መስመር እንደ መልስ ይበላዋል። "ልቀጥል ወይ?" የሚሉትን መልሱን አስቀድመህ ስጣቸው፣ ወይም ለብቻቸው ላካቸው።

ቡናና_ባሽ፦

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር ኦክ (ከጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን የሚለቅም ፕሮግራም) ይሻለኛል። ብሎኮቹን ብቻ ለቅሞ ያወጣልሃል፣ በፓይፕ (ያንዱን ውጤት ለሌላው በሚያስተላልፈው) ወደ ባሽ ትለቀዋለህ፣ አለቀ።

ቀይ_ኤረር፦

በፓይፕ አይደረግም! ባሽ ራሱ ስክሪፕቱን የሚያነበው ከስታንዳርድ ኢንፑት (ለፕሮግራሙ ጽሑፍ ከሚገባበት በር) ነው፣ ውስጡ የሚነሳው ኤስኤስኤችም የሚያነበው ከዚያው ነው። ስለዚህ ኤስኤስኤች የሚል መስመር ጋ ሲደርስ የቀረውን ስክሪፕት ጠጥቶት ቁጭ ይላል፣ ኤረር እንኳን ላታይ ትችላለህ። ኦኩን ወደ ፋይል አስወጣው፣ አንብበው፣ ከዚያ ፋይሉን አስኪደው።

ጥቁር_ስክሪን፦

"አንብበው" የሚለው ላይ ልጨምር። ፋይሉ ውስጥ የሚያጠፋ ብሎክ ካለ፣ የፎልደሩ ስም ደግሞ ከቫርያብል የሚመጣ ከሆነ፣ ቫርያብሉ ባዶ የሆነ ቀን ምን እንደሚያጠፋ አስቡት። ብሎክ በብሎክ ስታስኬድ ደግሞ አንዱን መዝለል በጣም ቀላል ነው። ባሽ ለዚህ መላ አለው፦ ቫርያብሉን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ አድርጋችሁ ከስሙ ቀጥሎ ኮሎንና የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ምልክት (:?) ጨምሩበት። ባዶ ከሆነ ኮማንዱ ሳይነሳ ይቆማል። እያንዳንዱ የሚያጠፋ ብሎክ ላይ ይሄ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ደግሞ ከኮማንዱ በፊት የዶላር ምልክት የምታስቀምጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ለዓይን ያምራል፣ ስታስኬዱት ግን ባሽ ዶላሩን ኮማንድ ነው ብሎ ይፈልገዋል።

ማታ_ፈረቃ፦

ቀይ_ኤረር ተባረኪልኝ፣ የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ቲመክስ ሰርቨሩ ላይ ነበር፣ ቪም ስላይምን አሁን ጫንኩት። ግን ኮንትሮል ሲ ሁለቴ ስጫን ወደ ታችኛው አይልክም፣ ስለ ስክሪን ሴሽን ነው የሚጠይቀኝ። ምን ጎደለኝ?

ቀይ_ኤረር፦

ካልነገርከው ታርጌቱ (የሚልክበት ፕሮግራም) ቲመክስ አይደለም፣ ጂኤንዩ ስክሪን (ቲመክስን የመሰለ ሌላ ፕሮግራም) ነው። ቪምአርሲ (የቪም ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ስላይም ታርጌት የሚለውን ቲመክስ አድርገውና ቪምን ዘግተህ ክፈት። መጀመሪያ ስትልክ የሶኬቱን ስምና የትኛው ክፍልፋይ እንደሆነ ይጠይቅሃል፤ ሶኬቱን እንዳለ ተወው፣ የታችኛውን ቁጥር ስጠው። ቁጥሩ ከጠፋህ ቲመክስ ውስጥ ኮንትሮል ቢ ቀጥሎ ኪው ስትል ስክሪኑ ላይ ለቅጽበት ያሳይሃል።